የዛሬ እሳትና የነገ እንጀራ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ፥ በቦረና አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች አየሯ ብርድ ነው፤ ማታ ማታ ከምድጃ ዳር የማይሰበሰብ ቤተ ሰብ የለም። ከከተማይቱ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ምድሩ እየዘቀዘቀ ሄዶ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ያደርሰዋል፤ ከሸለቆው ማዶም ጎጃም ይታያል። በደጋው ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ፥ ዝቅ ባለው ምድር ጤፍ፥ ወደ ቆላው ደግሞ ማሽላ ይዘራል።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው በየቀኑ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው እሳት ነው፤ ሁለተኛውም እንጀራ ነው። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ምድር ነው። ሰው ለእሳቱ ሲል ምድሩን ቢያደኸይ እንጀራውን ያጣል፤ ለእንጀራው ሲል ዛፉን ሁሉ ቢመነጥር ደግሞ እሳቱን ያጣል። ሁለቱን አስታርቆ የሚኖር ሰው ግን ለራሱም ለልጅ ልጁም ይተርፋል። ይህም የሚሆነው በአንድ ቀን ታላቅ ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ በሚደረግ በጥቂት ልማድ ነው።

ስለ አፈር

አፈር ሲያዩት ርካሽ ነገር ይመስላል። ልጆች በእግራቸው ይረግጡታል፥ ነፋስ ያነሣዋል፥ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ማንም አያለቅስለትም። ነገር ግን የሰው ሁሉ ጎተራ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ዓለት በፀሐይና በብርድ ተሰነጣጥቆ፥ ቅጠልና ሥር በላዩ በስብሶ፥ ትሎችና ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ሠርተውበት፥ የጣት ያህል ውፍረት ያለው አፈር እስኪሆን ድረስ በመቶ የሚቈጠር ዓመት ይፈጃል። አንድ ብርቱ የሐምሌ ዝናም ግን ልብስ የሌለውን ተዳፋት ባገኘ ጊዜ፥ በብዙ ዓመት የተሠራውን በአንድ ከሰዓት ጠርጎት ይሄዳል። የምድር ልብስ ሣርና ዛፍ ነው።

የቦረና ምድር ተዳፋት የበዛበት ነው። ከእርሻ የታጠበው አፈር ወደ ጅረት፥ ከጅረትም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዓባይ በክረምት የሚደፈርሰው ስለዚህ ነው፤ የውሃው ቀለም የደጋው እርሻ ቀለም ነው። በቀድሞ ዘመን ይህ አፈር እስከ ግብጽ ድረስ ወርዶ የሌላውን አገር እርሻ ያለመልም ነበር። ዛሬ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓባይ ላይ ቆሟል፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ብዙው ከግድቡ ሐይቅ ገብቶ ይተኛል፤ በተኛም መጠን የውሃውን ስፍራ ይወስዳል። ስለዚህ በመካነ ሰላም ዙሪያ በተዳፋቱ ላይ ካብ የሚክብ ገበሬ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንዱ የራሱ እርሻ፥ ሁለተኛው የአገሩ መብራት ነው።

ስለ ኩበት

ዛፍ ባለቀበት ደጋ እናት ምን ታነድዳለች? ኩበት ታነድዳለች። ልጆች ከመስክ እበት ይለቅማሉ፤ እናትም ጠፍጥፋ በፀሐይ ታደርቀዋለች፥ ለክረምትም ከምራ ታኖረዋለች። ይህ የስንፍና ሥራ አይደለም፤ የችግር ሥራ ነው። ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ያላት ሴት እንጨት ካጣች ሌላ ምን ታድርግ? እንግዲህ ኩበት አነደደች ብሎ እናትን የሚነቅፍ ሰው አላዋቂ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ማወቅ ይገባል። እበት የመሬት ምግብ ነው። ከብት ከመስክ የበላው ሣር ፍግ ሆኖ ወደ እርሻ በተመለሰ ጊዜ አፈሩ ይለሰልሳል፥ ውሃ ይይዛል፥ እህሉም ይፋፋል። በእሳት በተቃጠለ ጊዜ ግን ለቡቃያ ኃይል የሚሰጠው ናይትሮጅን የሚባለው ነገር ከጢሱ ጋር ወጥቶ ይጠፋል፤ የሚቀረውም አመድ ብቻ ነው። አመድ ለመሬት ጥቂት ይጠቅማል፤ የፍጉን ያህል ግን አይሆንም።

ተማሪ ይህን በቍጥር ይመልከተው። አንድ ቤት በቀን 5 ኩበት ቢያነድድ በዓመት 1825 ኩበት ያነድዳል። ከዚህ በየቀኑ 2 ብቻ ቢያተርፍ በዓመት 730 ኩበት ለእርሻው ይተርፈዋል። ሁለት ኩበት በአንድ ቀን ሲያዩት ምንም አይደለም፤ 730 ግን ለአንድ የጓሮ እርሻ ትልቅ ነገር ነው። ልማድ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በቀን አይታይም፥ በዓመት ግን ይቈጠራል።

ድህነት በዚህ ደጋ እንደ ቀለበት ይዞራል። ዛፍ ሲያልቅ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ መሬት ይከሳል፤ መሬት ሲከሳ አዝመራ ያንሳል፤ አዝመራ ሲያንስ ሰው ገደል ገደሉን ያርሳል፤ ገደሉን ለማረስም የቀረውን ዛፍ ይቈርጣል። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። ለዚያ መከራ የዝናም መቅረት፥ የመሬት መክሳትና የመንግሥት ቸልተኝነት ተጋግዘው ነበር። ዝናምን ሰው ሊያዝዘው አይችልም፤ የራሱን መሬት ማወፈር ግን ይችላል። የወፈረ አፈር ዝናም ባነሰበት ዓመት እንኳ የጠጣውን እርጥበት ይዞ ቡቃያውን ጥቂት ቀን ያቆያል። በረኀብ ዘመን ጥቂት ቀን ታላቅ ነገር ነው።

ስለ ደንቆሮ ጫካና ስለ መንዝ ጓሳ

በቦረናና በሳይንት መካከል ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተከለለ በአገሩ ይነገራል። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተጠበቀ። ከፍታው ከ1900 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከታች ወይራና ጥድ፥ ከዚያ በላይ ኮሶ፥ ወደ ራስጌው ደግሞ አስታ፥ ጅባራና ጓሳ ይበቅሉበታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል፤ እነዚህ ሁለቱ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚገኙበት አገር የለም።

የጫካው ጥቅም ለአራዊት ብቻ አይደለም። ዝናም በቅጠሉ ላይ ወርዶ፥ በረገፈው ቅጠል ውስጥ ቀስ ብሎ ሰርጎ፥ ወደ ምድር ሆድ ይገባል፤ በበጋም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጫካ የውሃ ጎተራ ነው። ጎተራውን ያፈረሰ ሰው በበጋ እንስራ ይዞ ሩቅ ይሄዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሄዱትም ሴቶች ልጆች ናቸው፤ የትምህርታቸውም ሰዓት በመንገድ ያልቃል።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደግሞ ጓሳ የሚበቅልበት ሰፊ ምድር አለ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ምድር ሲጠብቁት ኖረዋል። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፥ ሣር አይታጨድበትም። ሣሩ በደረሰ ጊዜ በሽማግሎች ፈቃድ ይከፈታል፤ ሁሉም በተራውና በልኩ ያጭዳል። ከጓሳውም ቤት ይከድናል፥ ገመድ ይገመዳል፥ ለዝናም ገሳ ይሠራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት መሠረቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥቅሙን ስላልረሳ በኋላ በአዲስ ደንብ መልሶ ጠበቀው። ከዚህ የምንማረው ሰው ለነገ ብሎ ዛሬ እጁን መሰብሰብ እንደሚችል ነው። ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ የአባቶች ጥበብ ነው።

ስለ ሁለት ጎረቤቶች

በአንድ ተዳፋት ላይ ሁለት ገበሬዎች ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር እንበል። ሽማግሌው የላይኛውን እርሻ፥ ጎልማሳው የታችኛውን ያርሱ ነበር። ጎልማሳው ትጉ ነበርና በእርሻው ዳር እርከን ሠራ፥ በካቡም ላይ ሣር ተከለ፥ የከብቶቹን ፍግ ወደ እርሻው አወጣ። ሽማግሌው ግን ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ስለ ነበር ጉልበት አጥተው ካብ ሳይክቡ ተቀመጡ።

ክረምት በገባ ጊዜ ጎርፉ ከላይኛው እርሻ ተነሥቶ የጎልማሳውን ካብ ናደው። ጎልማሳው ተቈጥቶ ለዳኛ ሊከስ ተነሣ። ሚስቱ ግን፦ «ዳኛ ጎርፉን ያስርልሃልን? ይልቅስ ሄደህ ተነጋገር» አለችው። እርሱም ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ፦ «አባቴ፥ ጎርፉ ከእርስዎ እርሻ ተነሥቶ ወደ እኔ ይወርዳል። ቢፈቅዱልኝ የእርስዎን ካብ እኔ ልካብ» አላቸው። ሽማግሌውም አንገታቸውን ደፍተው፦ «ልጄ፥ ማፈሬ ከለከለኝ እንጂ ልለምንህስ አስቤ ነበር» አሉት።

ጎልማሳው ለጎረቤቶቹ ነገራቸውና ደቦ ወጡ። አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፥ ሁለተኛው ይክባል፥ ሴቶቹ ስንቅ ያቀርባሉ፤ ሽማግሌውም ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበርና ካቡ የሚያርፍበትን ስፍራ በበትራቸው ያሳዩ ነበር። ለአንድ ሰው የወር ሥራ የነበረው በጥቂት ቀን አለቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሚመጣው ክረምት ጎርፉ መጣ፤ ነገር ግን በእርከኑ ላይ እየተኛ ቀስ ብሎ ወረደ፥ አፈሩንም ጥሎ ሄደ። እንግዲህ የራሱን እርሻ ብቻ የሚጠብቅ ሰው የራሱንም አይጠብቅ፤ ጎርፍ ወሰን አያውቅምና።

ስለ ቤት ልማድ

አስተዋይ ቤተ ሰብ ከዚህ የሚከተለውን ልማድ ይይዛል።

አስቀድሞ ዛፍ ይተክላል። እንጨት ሳይኖር ኩበት አታንድዱ ማለት ከንቱ ምክር ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ጠቅሟል፤ ፈጥኖ ያድጋልና። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ከምንጭ አጠገብና ከእርሻ ዳር ሊተከል አይገባም። በእርሻና በምንጭ ዳር እንደ ወይራና እንደ ብሳና ያለ የአገር ዛፍ ይሻላል። የተከለ ሰውም ችግኙን በበጋ ያጠጣ፥ ከፍየልም ይጠብቅ፤ ተክሎ የሚረሳ ሰው እንዳልተከለ ነው።

ሁለተኛ እሳትን ይቈጥባል። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድድ እሳት፥ ከሙቀቱ ዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ወደ ነፋስ ይሄዳል፥ ጢሱም የእናትን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ይጐዳል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን በዙሪያው ዘግቶ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምድጃውን ለመግዛት ያልቻለም ቢሆን የሚያደርገው አያጣም። ማገዶውን አድርቆ ያንድድ፤ ድስቱን ይክደን፤ ባቄላና ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ ይደር፤ የሳምንቱንም እንጀራ ምጣዱ እንደ ጋለ በአንድ ጊዜ ይጋግር።

ሦስተኛ ለምድር የሚገባውን ለምድር ይመልሳል። አመድ፥ ገለባ፥ የአትክልት ልጣጭና የከብት ፍግ በአንድ ጉድጓድ ቢከማቹና ጥቂት እርጥበት ቢያገኙ ከወራት በኋላ በስብሰው ጥቍር ማዳበሪያ ይሆናሉ። ፌስታልና ፕላስቲክ ግን አይበሰብሱም፤ ላም ብትውጣቸው በሆዷ ተጠቅልለው ይገድሏታል። ስለዚህ ገበያ የሚሄድ ሰው ዘንቢሉን ይዞ ይሂድ።

አራተኛ ውሃን ያከብራል። ከብት ከምንጩ ዓይን ላይ አያጠጣም፤ ዝቅ ብሎ ገንዳ ያበጃል። ፊቱን የታጠበበትን ውሃ ለችግኝ ያፈስሳል። ክረምት ከጣራ የሚወርደውን ዝናም በበርሜል ያጠራቅማል።

ይህ ሁሉ የታላላቆች ሥራ ብቻ አይደለም። ሕፃን ድንጋይ ሊሸከም አይችልም፤ አንድ ችግኝ ግን ሊያጠጣ ይችላል። ዛሬ በሰባት ዓመቱ የተከለው ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እርሱ አባት በሆነ ጊዜ ልጆቹ ከጥላው ሥር ይቀመጣሉ፥ እናታቸውም ከደረቀው ቅርንጫፉ ለምድጃዋ ትለቅማለች፥ ፍጉም ወደ እርሻው ይሄዳል። ያን ጊዜ እሳትና እንጀራ በአንድ ቤት ታርቀው ይኖራሉ።

ጥያቄ

1. የጣት ያህል ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር ስንት ዘመን ይፈጃል? ጎርፍስ በስንት ጊዜ ይወስደዋል?
2. ኩበት የምታነድድ እናት የማትነቀፈው ስለ ምንድር ነው?
3. በቀን 3 ኩበት የሚያተርፍ ቤት በዓመት ስንት ያተርፋል?
4. የጎልማሳው ሚስት የሰጠችው ምክር ከክስ የተሻለው ስለ ምንድር ነው?
5. በቤትህ ወይም በቤትሽ ከነገ ጀምሮ ሊያዝ የሚችለው ልማድ የትኛው ነው?