የመጫወቻ መኪና መሪን በጠረጴዛ ላይ ስለ ማጽናት

በኮምፒዩተር የመኪና ውድድር ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አንደኛው መሪ፣ ሁለተኛው የእግር ፔዳል ነው። ሦስተኛውን ነገር፣ ማለት መሪው የሚጸናበትን መቀመጫ፣ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር አንቈጥረውም። መሪው ከሥሩ መቈንጠጫ አለውና እርሱን ማጥበቅ ብቻ የሚበቃ ይመስለናል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን ትምህርት በቤታችን ጠረጴዛ ጠርዝ ስለ ከፈልኩበት፣ ሌላው ተማሪ በርካሽ ያገኘው ዘንድ እነሆ ጽፌዋለሁ።

መሪውን አይተው ለማያውቁ ወላጆች አስቀድሜ ጥቂት ልግለጽ። ይህ መሪ እንደ ሕፃናት መጫወቻ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ፕላስቲክ አይደለም። በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ኮምፒዩተሩ በጨዋታው ውስጥ በመኪናው የፊት ጎማዎች ላይ የሚደርሰውን ኃይል እያሰላ ለሞተሩ ይነግረዋል፤ ሞተሩም መሪውን ከነጂው እጅ በተቃራኒ ይጐትተዋል። ጎማው ሲንሸራተት መሪው ይለሰልሳል፤ ኩርባ ላይ ሲገባ ይከብዳል። ይህ አሠራር ፎርስ ፊድባክ ይባላል። ነገሩ ከንቱ ጨዋታ ብቻ ነው ለሚሉ ደግሞ አንድ ምሳሌ ላንሣ፦ ያን ማርደንቦሮ የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2011 በግራን ቱሪዝሞ ጨዋታ ተወዳድሮ ካሸነፈ በኋላ እውነተኛ ነጂ ሆኖ፣ በ2013 ፈረንሳይ አገር በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተሰልፏል። እናቴ ይህን ነግሬአት ብዙም አልተደነቀችም።

የአክስቴ ልጅ መሪውን ያዋሰኝ ባለፈው ክረምት ነበር። በቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው፤ እኔም እኅቴም የምናጠናው በእርሱ ላይ ነው። እርሷም ያን ጊዜ ለ8ኛ ክፍል ፈተና መዘጋጀት ጀምራ ነበር። ጠረጴዛው ከቺፑድ የተሠራ፣ ላዩ በስስ ልባስ የተሸፈነ ነው። መሪውን በጠርዙ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን መቈንጠጫዎች በእጄ አጠበቅሁ። ከጥቂት ዙር በኋላ መሪው ወደ እኔ አጋደለ። እንደገና አጠበቅሁ፤ እንደገና አጋደለ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አልቆ በፒንሳ አጠበቅሁት። በዚያኑ ምሽት ፍሬን ስረግጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የጠረጴዛው ጠርዝ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተገምሶ ወደቀ። እናቴ መጥታ አየችና፣ «ልጄ፣ መኪናህን ንዳ አልከለክልህም፤ ሁለተኛ ግን በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጭረት ባይ፣ መሪው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል» አለችኝ። ጠረጴዛውን መብሳትም ሆነ ሚስማር መምታት በዚህ ቃል ተከለከለ ማለት ነው።

እኔ በመጀመሪያ የወነጀልኩት ሞተሩን ነበር። የሞተሩ ኃይል ጠንክሮ ጠረጴዛውን የሰበረው መስሎኝ ነበርና። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ስነግራቸው ሣቅ ብለው፣ «መጀመሪያ ለካው፣ ከዚያ በኋላ ክሰሰው» አሉኝ። ስለዚህ ሒሳቡን ሠራሁ።

የማዞር ኃይል፣ በፈረንጅኛው ቶርክ የሚባለው፣ ኃይል ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኝ ነው። መለኪያውም ኒውተን ሜትር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና በብዙ ቤት የሚገኘው ሎጂቴክ ጂ29 ሞተሩ የሚሰጠው ትልቁ የማዞር ኃይል 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በ2021 የወጣው ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ ደግሞ 5 ኒውተን ሜትር፣ ጠንካራ የኃይል ማከፋፈያ ሲጨመርለት 8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። እኔ የያዝኩት ከመጀመሪያው ዓይነት ጋራ የሚመሳሰል ነው። ሞተሩ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት የመሪው ሣጥን ራሱ በዚያው መጠን ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል፤ ይህን የሚከለክሉት ሁለቱ መቈንጠጫዎች ናቸው። በመቈንጠጫዎቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 2 ለ0.20 ሲካፈል 10 ኒውተን ይመጣል። ይህም የአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ያህል ነው። 8 ኒውተን ሜትር ለሚሰጠው እንኳ 40 ኒውተን፣ ማለት 4 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ጠረጴዛ አይሰብርም!

እንግዲህ ሰባሪው ማን ነው? ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የስፕሪንግ ሚዛን ተውሼ ከመሪው ጋራ አሰርኩና፣ በውድድር ላይ ፍሬን ስረግጥ እጄ የሚጐትተውን ያህል ጐተትኩት። ሚዛኑ ወደ 10 ኪሎ፣ ማለት 100 ኒውተን ገደማ አሳየ። የመሪው እንብርት ከጠረጴዛው በላይ 14 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 100 በ0.14 ሲባዛ 14 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከሞተሩ ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። መሪውን ወደ ራሴ ስጐትት ሣጥኑ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ከኋላው ሊነሣ ይፈልጋል። ይህ ድንጋይ በዲጂኖ ከመፈንቀል አይለይም፤ ረጅሙ ክንድ እኔ የምጐትተው ከፍታ፣ አጭሩ ክንድ ደግሞ ከጠርዙ እስከ መቈንጠጫው ያለው ርቀት ነው። ያም ርቀት 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 14 ለ0.04 ሲካፈል 350 ኒውተን! ሠላሳ አምስት ኪሎ የሚያህል ኃይል እንደ ጣት በጠበበች መቈንጠጫ በኩል በቺፑድ ላይ ያርፋል፤ ያው ኃይል ተመልሶ ጠርዙን ወደ ታች ይጫነዋል። በዚያ ላይ እኔ በፒንሳ ያጠበቅሁት አለ። የመሪው የራሱ ክብደት ጥቂት ያግዛል፤ ነገር ግን ትንሽ ስለ ሆነ ትቼዋለሁ። ሞተሩን በከንቱ አምቼው ኖሯል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ። እውነተኛ መኪና የሚነዳ ሰው መሪውን በ10 ኪሎ ኃይል ወደ ደረቱ አይጐትትም፤ እኔ ስለ ምን እጐትታለሁ? መልሱን ያገኘሁት ወለሉን ስመለከት ነው። ወንበሬ ባለ ተሽከርካሪ እግር ነበር። ፍሬኑን ወደ ፊት ስገፋ ወንበሩ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እኔም እንዳልሸሽ በመሪው ላይ እንጠለጠላለሁ። ጠረጴዛውን የሰበረው እንግዲህ ወንበሩ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ የመሪው ጥገና የሚጀምረው ከመሪው ሳይሆን ከወንበሩ ነው። ተሽከርካሪ ያልሆነ ወንበር ካለ እርሱን መውሰድ ይሻላል። ከሌለ ግን የወንበሩን እግርና የፔዳሉን መቀመጫ በጠንካራ ገመድ ማሰር ነው። እግር ፔዳሉን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ጀርባ ደግሞ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሁለቱ ኃይሎች በገመዱ ውስጥ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ ወለሉም ቢያዳልጥ አንዱ ከሌላው አይርቅም። እኔ ይህን ብቻ አድርጌ እንደገና ብለካ ሚዛኑ ከ4 ኪሎ አላለፈም። አያያዝም ይረዳል፤ እጆችን በሰዓት ገጽ ላይ 3 እና 9 በሚጻፉበት ቦታ ትይዩ ማድረግ ነው። (በእኛም አቈጣጠር በፈረንጆቹም ቢሆን ሦስትና ዘጠኝ ስለሚሆን ማንም አይሳሳትም።)

አሁን ወደ መሪው ልመለስ። ገመዱ ጐተታውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም፤ ሰው ሲሸነፍ መጐተቱ አይቀርምና በ100 ኒውተን ማሰብ ይሻላል። አጭሩን ክንድ ማስረዘም ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ሳይበሳ ይህ የሚቻለው መሪውን ከአንድ ሰሌዳ ጋራ አጋብቶ፣ ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ጋራ በማጣበቅ ነው። ጠረጴዛችን ከፊት እስከ ኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ከሰፈራችን አናጢ ዘንድ አስቈረጥኩ። አናጢው ነገሩን ሲሰሙ፣ «እንጨት የሚሰበረው ስለ ጠበቀ ሳይሆን ባንድ ነጥብ ስለ ተጨነቀ ነው» አሉኝ፤ እኔ በሦስት ገጽ ሒሳብ የደረስኩበትን እርሳቸው በእጃቸው ያውቁታል።

በብዙ መሪዎች ሆድ ላይ ቡሎን የሚገባባቸው ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በእኔው ላይ ሁለት ሲሆኑ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይቀበላሉ። የቀዳዳዎቹን ቦታ ወደ ሰሌዳው ለማስተላለፍ ነጭ ወረቀት በመሪው ሆድ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ማሸት ይበቃል፤ ቀዳዳው በወረቀቱ ላይ ራሱ ይታያል። ወረቀቱን በሰሌዳው ላይ አጣብቆ በ7 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ መብሳት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ መኖሩ ትንሽ ስሕተት ይሸፍናል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ቡሎኑ ከመጠን በላይ ረጅም ከሆነ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ዘልቆ የውስጡን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ያለ ሰሌዳው ቡሎኑን በጣት ብቻ ማስገባት፣ መቆሚያው ሲደርስ ምን ያህል እንደ ገባ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም የሰሌዳውን ውፍረት (ከሥር ለቡሎኑ ራስ የሚፈለፈለው ጥልቀት ተቀንሶለት) እና የሮንዴላውን ውፍረት በዚያ ላይ ደምሮ ከድምሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚያጥር ቡሎን መግዛት ነው። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ኮምፔንሳቶውን ይበላዋል። የቡሎኑም ራስ ከሰሌዳው ሥር ወጥቶ ጠረጴዛውን እንዳይቧጭር፣ ራሱ የሚሰምጥበትን ያህል ከሥር በኩል መፈልፈል ያስፈልጋል። እኔ ይህን የመጨረሻውን ረስቼ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

ሰሌዳው በጠረጴዛው ላይ ከመቀመጡ በፊት ከሥሩ ጎማ ይነጠፋል። ጎማ በስስ ልባስ ላይ አይንሸራተትም፤ ልባሱንም ይጠብቀዋል። ለዚህ አሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ቈርጦ ማንጠፍ ይበቃል፤ ከጎሚስታ ዘንድ በጥቂት ብር፣ አንዳንድ ጊዜም በነፃ ይገኛል። ከዚያም አናጢዎች ሁለት እንጨት በኮላ ሲያጣብቁ ወጥረው የሚይዙበትን ሞርሳ ሦስት መውሰድ ነው፤ ሁለቱ በፊት ማዕዘኖች፣ አንዱ በኋላ መካከል ላይ ይውላሉ። የፊቶቹ ወደ ማዕዘን መራቃቸው ለጉልበት ቦታ ይተዋል። ከጠረጴዛው ሥር በእያንዳንዱ ሞርሳ መንጋጋ ላይ ትንሽ ቍራጭ እንጨት ጣልቃ ይገባል፤ ጭነቱ እንዲበተን ነው። የኋላው ሞርሳ እንዲገባ ጠረጴዛው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ይበል።

ሒሳቡን እንደገና እንመልከተው። ያው 14 ኒውተን ሜትር አሁን የሚከፈለው ለ4 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላው ሞርሳ ላለው 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 14 ለ0.50 ሲካፈል 28 ኒውተን። ከ35 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ የማይሞላ ወረደ። ሞርሳዎቹን በእጅ ብቻ ነው የማጠብቃቸው፤ ፒንሳውን እናቴ ወስዳ ደብቃዋለች።

ይህ ዘዴ ለቺፑድና ለሙሉ እንጨት ጠረጴዛ ይሆናል። ውስጡ ባዶ ሆኖ በወረቀት ቀፎ የተሞላ ቀላል ጠረጴዛም በገበያ አለ፤ በጣት ሲንኳኳ እንደ ከበሮ ይሰማል። እንዲህ ባለው ላይ ከሥርም እንደ ላዩ ሰፊ ሰሌዳ ካልተደረገ በቀር ሞርሳው ልባሱን ሰርጕዶ ይገባል። በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ግን መሪ መትከል ከቶ አይገባም።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምንኖር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መሪው ኃይል አግኝቶ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ሲገናኝ ራሱን ለማስተካከል እስከ ግራና እስከ ቀኝ ጫፍ ድረስ በፍጥነት ይዞራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ማንም ሳይነካው ሊሽከረከር ይችላል። አንድ ቀን እኅቴ የነጠላዋን ጫፍ በላዩ ጣል አድርጋ ታጠና ነበርና መብራት ሲመጣ ነጠላውን ጠቅልሎ አስደነገጣት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሲያበቃ ሶኬቱን እነቅላለሁ።

አሁን ሦስቱን ሞርሳ ፈትቶ ሰሌዳውን ከነመሪው አልጋ ሥር ለማስገባት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ እኅቴ መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። እንጨት ሲታመቅ ስለሚላላ ሞርሳዎቹን በየሳምንቱ እመረምራለሁ። የተገመሰውን ጠርዝ ደግሞ በሰጋቱራና በኮላ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ቀለሙ ይመሳሰላል፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን እስከ ዛሬ ይታወቃል።