የወደቀ በለስ አይጣል፤ ሳይመረመርም አይተከል

ለበለስ ተከላ ጀማሪ ለሆኑ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ምክር

መንገድ ሲጠረግ፣ ጎርፍ አጥር ሲገፋ ወይም ከብት ሲጥስ የተሰበረ የበለስ ቁልቋል በየሜዳው ወድቆ ይታያል። ብዙ ሰው እሾሁን ፈርቶ አልፎት ይሄዳል። ነገር ግን ጤነኛ ከሆነ አንድ ቅጠል ብቻውን አዲስ ተክል ይሆናል፤ የሚገዛ ዘርም አያስፈልገውም። የበለስ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ትግራይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገብቶ ወደ ወሎም ተዛምቷል። ፍሬው የሚደርሰው ጎተራ በሚጎድልበት የክረምት ወራት በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ የችግር ጊዜ ምግብ ነው።

1. መጀመሪያ ይለዩት

አገር በቀሉ ቁልቋልና በለስ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። አገር በቀሉ ግንዱ ጎን ጎን ያለው ሲሆን፣ ሲቆረጥ እንደ ወተት ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነውና ፊትዎን ያርቁ፤ ከነካዎትም በብዙ ውሃ ይታጠቡ። በለስ ግን ጠፍጣፋ ቅጠል በቅጠል ላይ ይደራርባል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነው።

ከትልቁ እሾህ ይልቅ ትንሹ ያስቸግራል። በየነጥቡ ላይ የተሰገሰገው ጸጉር መሰል እሾህ በትንሽ ንክኪ ይነቀላል፤ ቆዳ ውስጥ ከገባም በዓይን በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ በታጠፈ ጆንያ ወይም በወፍራም ጓንት ይያዙት፤ ሲያነሱም ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉ።

2. ጤንነቱን ይመርምሩ

የግንዱ እግር ቡናማና ደረቅ ሆኖ መገኘቱ የእርጅና ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። የተጨማደደ ቅጠልም ውሃ የጠማው እንጂ የሞተ አይደለም። ሲነኩት የሚልሞሰሞስ፣ ውስጡ የጠቆረና የሚሸት ከሆነ ግን በስብሷል፤ ንጹሕ አረንጓዴ ሥጋ እስኪገኝ ድረስ ይቁረጡት።

ከሁሉ በላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ይፈልጉ። ጥጡን በእንጨት ፍቀው ሲጨፈልቁት እንደ ደም ቀይ ከሆነ ኮቺኒል የሚባለው ተባይ ነው። ይህ ተባይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቀይ ቀለም ይመረትበታል ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። በኋላ ግን ከቁጥጥር ወጥቶ በደቡብ ትግራይ በርካታ የበለስ ማሳ አጥፍቷል። ጫጩቶቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ በቅጠልና በልብስም ይሻገራሉ። እንዲህ ያለ ቅጠል ካገኙ ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ እዚያው በጥልቀት ይቅበሩት። በራስዎ ተክል ላይ ጥቂት ብቻ ካዩ በሳሙና ውሃና በብሩሽ ደጋግመው ያጽዱት፤ ከበዛበት ግን ያንን ክፍል ቆርጠው ይቅበሩ።

3. ይቁረጡ፣ ያድርቁ

ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆነ፣ ወፈር ያለና ቁስል የሌለው ቅጠል ይምረጡ። ቢላዋውን በእሳት ለብልበው ከመገጣጠሚያው ላይ ይቁረጡ። ከዚያ ዝናብ በማይደርስበት ጥላ ሥር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይተዉት። የተቆረጠው ፊት በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቀ ቁርበት ጠንክሮ ከተሰማዎት ጊዜው ደርሷል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቸኩሎ ይተክላል፣ ቁስሉ ሳይድን አፈር ይነካዋል፣ በእርጥበቱም ይበሰብሳል። በለስ ውሃ በውስጡ ስለሚያከማች ይህን ያህል ጊዜ ያለ አፈር መቆየቱ አይጎዳውም።

4. ተከላ

ውሃ የማይቋጥር አሸዋማ ወይም ድንጋያማ መሬት ይምረጡ። ጥቁር ሸክላ አፈር ከሆነ መደብ ከፍ አድርገው ይሥሩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢተከል ዝናቡ ሲጀምር ሥር ይዞ ይጠብቃል። ከቅጠሉ ሲሶውን ቀብረው አፈሩን ይጠቅጥቁ፤ ለፍሬ ከሆነ በተክል መካከል ሁለት ሜትር ያህል ይተዉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ አያጠጡ። ከዚያ በኋላም አፈሩ ጨርሶ ካልደረቀ ውሃ አይድገሙ።

5. እንክብካቤ

በመጀመሪያው ዓመት ከብትና ፍየል እንዳይነካው ይከልሉ፤ አረሙን ይንቀሉ፤ የደረቀ ፍግ በዙሪያው ቢያደርጉለት ይጠቅመዋል። ፍሬ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይታያል። ቅጠሉን ለከብት ሲሰጡ እሾሁን በእሳት ለብልበው፣ ከትፈው ከገለባ ጋር ያቅርቡ። ቅጠሉ በአብዛኛው ውሃ በመሆኑ ብቻውን ሲበላ ያስቀምጣል፤ ጉልበትም አይሆንም።

የወደቀውን ማንሳት መልካም ነው፤ ግን ቅጠል ከቀበሌ ቀበሌ ከማሻገርዎ በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ ያሳዩ። ነጭ ጥጥ ካዩም ለጎረቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ የእርስዎ በለስ የሚተርፈው የጎረቤትዎ ሲተርፍ ነው።