ከሐይቅ እስከ ደብረ ዳሞ

ከዋጃ ወጥተን በየዩኒቨርሲቲው የምንማር ወጣቶች መጻሕፍት አላጣንም፤ ያጣነው «ያነበብከውን እንዴት ተረዳኸው?» ብሎ የሚጠይቀንን አባት ነው። ስለዚህ በደቡባችን ወዳለው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንመልከት።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሐይቅ ደቀ መዛሙርትን ሰበሰቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ወደ እርሳቸው መጥተው ለብዙ ዓመታት እያገለገሉ ተማሩ። በዚያ ግን አላበቁም፤ መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ተጓዙ። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት መሠረት፣ ከአባ ዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀብለው ሲመለሱ ለቀድሞ መምህራቸው ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ሰጡ። የሐይቅ ትውፊት በዚህ ይለያል፤ ፍርዱ የእኛ አይደለም። ሆኖም መምህር ከደቀ መዝሙሩ ተቀበለ ተብሎ መተረኩ የአባታችንን ክብር እንዳልቀነሰው ልብ እንበል።

የንስሐ አባት አለን የምንል ብዙ ነን። በዓመት አንዴ፣ ያውም ለፍልሰታ ብቻ የምናገኛቸው ከሆነ ግን ምናችንን ያውቁታል? በመጪው ዕረፍት የከበደንን ጥያቄ ጽፈን ይዘንላቸው እንሂድ። «ይህስ ከእኔ በላይ ነው፤ ወደ እገሌ ሂዱ» ካሉንም፣ መርቀው እንዲሰዱን እንለምናቸው።