ስለ ነገ አለመጨነቅ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ማዘዙ ሥራ እንድንፈታ አይደለም፤ ልባችንን በእርሱ ላይ እንድናሳርፍ ነው እንጂ።

ለዚህም በሸዋ፥ በቡልጋ ጽላልሽ የኖረችውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን እናት እግዚእ ኀረያን እንመልከት። ገድሉ እንደሚነግረን፥ ከባሏ ከካህኑ ከጸጋ ዘአብ ጋር ልጅ ሳትወልድ ብዙ ዘመን ስትኖር፥ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ማድረግንና ድኾችን ማብላትን አላቋረጠችም። የዳሞቱ ሞተለሚ በማረካት ጊዜም መልአኩ አዳናት። ታኅሣሥ 24 ቀን ልጇን ከወለደች በኋላ ደግሞ ረኃብ ሆነ፤ ለዝክሩ የሚበቃ ስላጣች አለቀሰች። ነገር ግን ሕፃኑ በቀረው ጥቂት ዱቄት ላይ እጁን ቢያኖር ተትረፈረፈ።

አስተውሉ፤ እናታችን ያለቀሰችው የምትሰጠው ስላጣች እንጂ ለራሷ ነገ ሠግታ አይደለም። ማዘን ኃጢአት አይደለም፤ ሥጋት ከምጽዋትና ከጸሎት ሲያስቀር ግን እምነትን ይሰርቃል።

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ የምትኖሪ እኅታችን ሆይ፥ ውርጭ ገብስሽን የመታው እንደ ሆነ፥ ልጅሽም ርቆ የሄደ እንደ ሆነ፥ ጎተራሽን እያሰብሽ ሌሊቱን አታንጊ። የሚቻልሽን በቀን ሥሪ፤ የማይቻልሽን ለአምላክሽ አስረክቢ።

እኛም ካህናት የተጨነቀችውን «አይዞሽ» ብለን ብቻ አናሰናብታት፤ ጓዳዋን እንጠይቅ። የእግዚአብሔር ቸርነት ብዙ ጊዜ በምእመናን እጅ ይደርሳልና።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።