የአኩፓንክቸር ጥናትና የአንጎል ምስል፦ ምስሉ ምን ያረጋግጣል?

በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች አኩፓንክቸር ሰጥተዋል። የሕክምናውን አሠራር ለማጥናት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ተግባራዊ ኤምአርአይ ነው፤ ይህም የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ በቀጥታ ሳይሆን፣ ሥራውን ተከትሎ በደም ውስጥ የሚታየውን የኦክስጅን ለውጥ ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ከዓይን ሕክምና ጋር የሚያያዝ የእግር ነጥብ ሲነካ የአንጎል የእይታ ክፍል እንደሚነቃ ገልጾ ነበር። በ2006 ግን ከጸሐፊዎቹ በርካታዎቹ በውጤቱ እንደማይስማሙ አስታወቁ።

ስለዚህ በምስል የታየ ለውጥ ብቻውን የፈውስ ማስረጃ አይሆንም፤ የመርፌው ንክኪና የታካሚው ተስፋም አንጎልን ያነቃሉና። በመሆኑም ጥናቱ የማስመሰያ መርፌ የሚሰጠው አነጻጻሪ ቡድን ሊኖረው፣ የሕመሙም መጠን ከምስሉ ጎን ለጎን ሊለካ ይገባል።