የሽፋኑን ጠየቅን፤ የውስጡንስ?



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ከቦርሳው የመድኃኒት ብልቃጥ አውጥቶ አሳየን። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ለእናቱ የላኩት ነው። ላዩ ላይ በትልቁ «ዲኤችኢኤ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ጉልበት እንደሚመልስና ለጤናማ እርጅና እንደሚረዳ ይናገራል። እናቱ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ብልቃጡ ከመጣ ወዲህ ግን «ይኸኛው ይሻለኛል» እያሉ የግፊቱን ክኒን አንዳንድ ቀን መዝለል ጀምረዋል። ወንድማችን የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የካፕሱሉ ጄላቲን ሐላል ነው ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ስለሚሠራ ማጣራት ይገባናል። ነገር ግን ሁላችንም ስለ ሽፋኑ ስንከራከር፣ ስለ ውስጡ የተባለው እውነት ይሁን አይሁን የጠየቀ አልነበረም። የዛሬው ደርሳችን ስለዚህ ነው።

ዲኤችኢኤ ምንድን ነው?

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝኑ አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ ዕጢዎች ከኮሌስትሮል ተነሥተው ስቴሮይድ የሚባሉ ሆርሞኖችን ይሠራሉ። ኮርቲዞል አንዱ ነው፤ ዲኤችኢኤም ሌላው ነው። ሰውነታችን ዲኤችኢኤን ወደ ቴስቶስቴሮንና ወደ ኢስትሮጅን ሊለውጠው ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ሽንት ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1934 ነበር። በ1960 ደግሞ ፈረንሳዊው ኤቲየን-ኤሚል ቦልዩ ሆርሞኑ በአብዛኛው ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ ከአድሬናል ዕጢ እንደሚወጣ አሳየ።

በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ የሚሆነው በእኛ ዕድሜ፣ በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ ሰው ከ70 እስከ 80 ዓመት ሲደርስ ከቀድሞው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል።

ነጋዴዎቹ የተነሡት ከዚህች ቁጥር ነው። «ሆርሞኑ ሲቀንስ ሰው ያረጃል፤ እንግዲያው ሆርሞኑን ብንመልሰው ወጣትነት ይመለሳል» አሉ። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ግን ይህን ስሕተት ከመኪና እናውቀዋለን። ነዳጅ ሲያልቅ የመለኪያው መርፌ ይወርዳል። መርፌውን በእጃችን ወደ ላይ ብንገፋው ግን ታንኩ አይሞላም። የሆርሞኑ መቀነስ የእርጅና መንስኤ ነው ወይስ እንደ መርፌው የእርጅና ምልክት? ይህን የሚለየው ሙከራ እንጂ ግምት አይደለም።

ሰነዱን እንመርምር

በ1986 ኤልሳቤጥ ባሬት-ኮነርና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ 242 ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ሆርሞኑ በደማቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ በሽታ የመሞታቸው ዕድል ዝቅ ያለ ነበር። ወሬው በፍጥነት ተሰራጨ። ኋላ ላይ ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ብዙ ሰዎችን ጨምረው ረዘም ላለ ጊዜ ሲከታተሉ፣ በወንዶች ላይ የታየው ግንኙነት በጣም ሳሳ፤ በሴቶች ላይም አልታየም። ከአይጦች የመጣውም ዜና ብዙ አያስኬድም፤ የአይጥ አድሬናል ዕጢ ይህን ሆርሞን እንደ ሰው አይሠራውምና።

በ2000 የቦልዩ ቡድን ከ60 እስከ 79 ዓመት ለሆኑ 280 ሰዎች፣ ለግማሾቹ በቀን 50 ሚሊግራም ዲኤችኢኤ፣ ለግማሾቹ ማስመሰያ ክኒን ለአንድ ዓመት ሰጠ። በተለይ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ቆዳና አጥንት ላይ መጠነኛ ለውጥ ታየ።

በ2006 ደግሞ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የተመራ ጥናት ወጣ። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ 87 ወንዶችና 57 ሴቶች ለሁለት ዓመት ተሳተፉ። ሰጪውም ተቀባዩም ክኒኑ እውነተኛ ይሁን ማስመሰያ አያውቁም ነበር። ዲኤችኢኤ በወሰዱት ሰዎች ደም ውስጥ የሆርሞኑ መጠን በእርግጥ ጨመረ። የጡንቻ ጉልበት፣ የሰውነት ስብ፣ ኢንሱሊን የመሥራት ብቃቱና የኑሮ ስሜት ግን የሚጠቅም ለውጥ አላሳዩም። በአጥንት ላይ ብቻ ጥቂት መሻሻል ታየ። መርፌው ወጣ፤ ታንኩ ግን አልሞላም።

ይህ ማለት ሆርሞኑ ለማንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ1999 የታተመ ጥናት አድሬናል ዕጢያቸው የማይሠራ 24 ሴቶችን አካትቶ ነበር፤ ዲኤችኢኤ ሲወስዱ ስሜታቸው ተሻሽሏል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ እነርሱ በሐኪም የተረጋገጠ ጉድለት ነበረባቸው። በሌላ በኩል ብጉር ሊያወጣ፣ በሴቶች ፊት ላይ ጸጉር ሊያበቅልና ጥሩውን ኮሌስትሮል ሊቀንስ ይችላል። እንደ ጡት ካንሰር ያለ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ያሰጋል። ስፖርት የምትወዳደሩ ወንድሞችና እህቶችም በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ድርጅት የተከለከለ መሆኑን እወቁ።

ታዲያ እንዴት በየሱቁ ይሸጣል? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1985 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አግዶት ነበር። በ1994 የወጣው ሕግ ግን እንደ ምግብ ማሟያ እንዲመለስ በር ከፈተ። በዚህ ሕግ መሠረት ሻጩ ከመሸጡ በፊት እንደሚጠቅም ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። የወንድማችንን ብልቃጥ አዙረን ስናነበው፣ የተባለው ነገር በመንግሥት እንዳልተገመገመ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘነው።

ምን እናድርግ?

ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጿ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናለች። መድረሳ ስንቀራ እንደተማርነው የሐዲስ ሊቃውንት ተራኪው ደግ ሰው በመሆኑ ብቻ አልተቀበሉትም፤ የሰማውን በትክክል መያዙንም መረመሩ። ዘመዶቹ ብልቃጡን የላኩት በፍቅር ነው፤ አላህ መልካም ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ፍቅራቸው ግን የክኒኑ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ለወንድማችን ሁለት ነገር አልነው። አንደኛ፣ የግፊቱ መድኃኒት አንድም ቀን እንዳይዘለል። ግፊት ሳይሰማ ጉዳት ያደርሳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ስትሮክን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነው። ሁለተኛ፣ እናቱን ይዞ፣ ሁለቱንም ብልቃጥ ይዞ ሐኪማቸው ዘንድ እንዲሄድ። እናትን በክርክር መርታት አይቻልም፤ አብሮ መሄድ ግን ይቻላል። በማግስቱ ከክፍል ቀርቶ ወሰዳቸው። የክፍሉን ማስታወሻ እኛ ጻፍንለት።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ብልቃጥ ካለ፣ ስለ ጄላቲኑ ጠይቁ፤ እዚያ ላይ ግን አታቁሙ። የተሞከረው በማን ላይ ነው? ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሯል? የጨመረው በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ነው ወይስ የሰውየው ጤና? ብላችሁ ጨምሩ።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን፤ ለወላጆቻችንም ዓፊያቸውን ያብዛልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።