ከጉዞ በፊት የሚገዛ ጠይምነት

ፍራንክፈርት ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ጀርመናዊት ነርስ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የአሥር ጊዜ መግቢያ ካርድ ትገዛና ከሥራ ስትወጣ ሶላሪየም ትገባለች። ሶላሪየም ክዳን ያለው አልጋ ነው፤ ከላይም ከታችም ረጃጅም መብራቶች ተደርድረውበታል። ልብስ ያወልቃሉ፣ ዓይን ላይ ትንሽ መከለያ ያደርጋሉ፣ ክዳኑን ይዘጉና ይተኛሉ። በሰኔ ወደ ስፔኗ ደሴት ወደ ማዮርካ ትበራለች። "እንዲህ ነጭ ሆኜ ከሄድኩ በመጀመሪያው ቀን እቃጠላለሁ፤ ከአሁኑ ትንሽ ጠየም ካልኩ ግን ፀሐዩ አይጎዳኝም" ትለኛለች። ጀርመኖች ለዚህ ነገር ራሱን የቻለ ቃል አላቸው፤ ፎርብሮይነን ይሉታል፣ አስቀድሞ መጠየም እንደማለት ነው።

አንድ ቀን የሥራ ልብስ ስንቀይር ጀርባዋን አየሁት። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በርበሬ መስሏል። ትከሻዋ ላይ ቆዳዋ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይነሳል። ሳትቃጠል ለመሄድ ብላ፣ ገና ከፍራንክፈርት ሳትወጣ ተቃጥላለች። ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጀርባ ነው።

ቆዳ ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ብዛት በጥቁሩም፣ በጠይሙም፣ በቀይ ዳማውም፣ በነጩም ገላ ላይ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ከፀሐይ ብርሃን ጋር የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሕዋሱን ዲኤንኤ ሲጎዳ፣ ሕዋሱ በአንድ በኩል ጉዳቱን ይጠግናል፣ በሌላ በኩል ሜላኒን እንዲመጣለት ይጣራል። የመጣው ሜላኒን በሕዋሱ አስኳል ላይ፣ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል፣ ልክ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ስለ ሰው ገላ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የደነቀኝ የለም፤ እያንዳንዷ ሕዋስ የራሷን ጃንጥላ ይዛለች። ነገር ግን በፀሐይ የጠየመ ሰው ጃንጥላ የሚከፈተው ዝናቡ ከመታ በኋላ ነው። አዲሱ ቀለም ጎልቶ የሚታየው ከጉዳቱ 2 ወይም 3 ቀን ቆይቶ ነው። መጠየም ማለት ቆዳ "ተመትቻለሁ" ብሎ የሰጠው መልስ ነው።

ታዲያ ያ መልስ ምን ያህል ይከላከላል? የነጭ ሰው ቆዳ በፀሐይ ሲጠይም የሚያገኘው መከላከያ በፀሐይ መከላከያ ክሬም ቋንቋ ቢለካ ኤስፒኤፍ 3 ወይም 4 ቢሆን ነው። በ10 ደቂቃ የሚቃጠል ሰው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆያል እንደማለት ነው። ማዮርካ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ግን ከቁርስ እስከ መክሰስ አሸዋው ላይ ነው። ከሶላሪየም የተገኘው ጠይምነት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። የነዚያ አልጋዎች መብራት በአብዛኛው የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ኤ የተባለውን ጨረር ነው፤ ይህ ጨረር ቀድሞ ያለውን ሜላኒን ያጠቁረዋል እንጂ አዲስ ብዙም አያሠራም። መስታወት ላይ ያዩት ቀለም አለ፤ ጃንጥላው ግን የለም።

በዚህ ላይ የተጨመረው ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 ሶላሪየምን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ፣ ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። ከ35 ዓመታቸው በፊት ሶላሪየም የጀመሩ ሰዎች ሜላኖማ በተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ጨርሶ ካልገቡት ከግማሽ በላይ ከፍ ይላል። ብራዚል በዚያው በ2009 ለውበት ተብሎ የሚደረገውን ከለከለች፤ በአውስትራሊያም ለንግድ የሚሠሩት ተዘግተዋል። ጀርመን የከለከለችው ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት ብቻ ነው። ለባልደረባዬ ይህን ስነግራት "ሕጉ ለእኔ ይፈቅዳል" አለችኝ። ይፈቅዳል፤ ሲጋራም ይፈቀዳል።

ለመሆኑ ጠይምነት እንዲህ የተፈለገው ለምንድን ነው? እኛ አገር ቤት ስንገባ ከበር ላይ የሚቀበለን ቃል "ውይ ልጄን፣ ጠቆርሽ፣ ከሳሽ!" የሚል ነው። ጠቆርሽ ማለት ተንከራተትሽ ማለት ነው። አውሮፓም ለብዙ ዘመን እንደዚሁ ነበር፤ ፀሐይ የመታው ገላ የገበሬ ምልክት ነበርና ወይዛዝርቱ ያለ ጥላ ከቤት አይወጡም ነበር። ሠራተኛው ፋብሪካና ቢሮ ውስጥ ገብቶ ሲገረጣ ነገሩ ተገለበጠ። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ፀሐይ መድኃኒት ተባለች። በ1920ዎቹ ልብስ ነዳፊዋ ኮኮ ሻኔል ከፈረንሳይ ደቡባዊ ጠረፍ ጠይማ ስትመለስ ደግሞ መጠየም ፋሽን ሆነ። ከዚያ በኋላ ጠይም ገላ ማለት ለዕረፍት የሚሄድበት ገንዘብ ያለው ሰው ማለት ሆነ። ባልደረባዬ የምትፈልገው ይህንን ነው፤ የምትፈልገውን በማወቋ አልፈርድባትም።

ቀለሙን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሳይቃጠል የሚያገኝበት መንገድ አለ። ፋርማሲና ሱፐርማርኬት የሚሸጡት ማጠየሚያ ክሬሞች ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል ስኳር ይዘዋል። ይህ ስኳር በላይኛው የሞተ የቆዳ ንብርብር ላይ ካለው ፕሮቲን ጋር ተገናኝቶ ቡናማ ይሆናል፤ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ ከሚቀላበት መንገድ ጋር ዝምድና አለው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በአጋጣሚ ነው፤ ለታመሙ ሕፃናት በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ ገላቸው ላይ ሲንጠባጠብ ቡናማ ነጥብ እየተወ አስቸገረ። ቀለሙ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይና ከሞተው ቆዳ ጋር ይረግፋል። ክርንና ጉልበት ላይ እንዳይዥጎረጎር ከዋዜማው ገላን ፈትጎ መታጠብ፣ ከተቀቡ በኋላ መዳፍን በሳሙና መታጠብ ነው። ከፀሐይ ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይከላከልም። ብዙ ሰው ጠየምኩ ብሎ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ይተዋል፣ ከዚያ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት አብዛኞቹ እንደ እኔ ጠይም ወይም ጥቁር ናቸውና። "ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው" ብዬ እኔም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በጣም ጥቁር የሆነ ቆዳ በተፈጥሮው እስከ ኤስፒኤፍ 13 የሚጠጋ መከላከያ ሊኖረው ይችላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን መጠኑ አለው፤ መጠኑን ያወቅሁት በጃንሜዳ ነው።

ሰባት ክረምት ፍራንክፈርት ካሳለፍኩ በኋላ ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ታቦታቱ እስኪነሱ ድረስ ጃንሜዳ ቆሜ ነበር፤ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ አንገቴ ተገልጦ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ። ማታ ስተኛ ትራሱ ማጅራቴን እንደ እሳት ፈጀኝ። እንደ ባልደረባዬ አልቀላሁም፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። ያለው መወጠር፣ መጋል፣ ሲነኩት ማመም ነው። በሳምንቱ ተልጦ ወደቀና ሥሩ አመድማ ሆኖ ወራት ቆየ።

ያታለለኝ ቅዝቃዜው ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሳይኖር ሌላው ሊበረታ ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ላሊበላም ወደ 2,500 ትጠጋለች። በጥር ወር ፍራንክፈርት ውስጥ የአልትራቫዮሌት መለኪያው ከ1 ብዙም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የበጋ እኩለ ቀን እጅግ ከፍተኛ ወደሚባለው ወደ 11 ይደርሳል። ለገና ወይም ለጥምቀት ከአውሮፓ ክረምት የሚወጣ ሰው አንድ ሌሊት በርሮ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ይገባል። ልጆቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን ፀሐይ ጨርሶ አያውቁትም።

መለኪያ መሣሪያ ግን አያስፈልግም። አባቶቻችን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ነበር፤ እርስዎም ጥላዎን ይመልከቱ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐዩ ጠንካራ ነውና ወደ ዛፍ ሥር ይሂዱ። በጥር አጋማሽ ፍራንክፈርት እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላዬ የቁመቴን ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ከቁመቴ ግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ማዮርካም ሆነ ላንጋኖ፣ መጠየም የፈለገ ሰው ጥላው በረዘመበት ጠዋትና አመሻሽ ትንሽ ትንሽ እያለ ይውጣ፤ ቆዳው ሳይግልና ሳይወጠር ይግባ። ያኔም ቢሆን ጉዳቱ ያንሳል እንጂ አይቀርም።

ለእኛ ሴቶች ከመቃጠል ይልቅ የሚያሳስበው ማድያት ነው። በእርግዝና ወይም በወሊድ መከላከያ እንክብል ምክንያት ጉንጭና ግንባር ላይ የወጣ ማድያት በፀሐይ ይብሳል፤ የሚታየው ብርሃን ራሱ ስለሚያባብሰው ለፊት ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ክሬም ይመረጣል። ይህኛው እንደ ተራው የዚንክ ክሬም በጠይም ፊት ላይ አመድ የመሰለ ነገር አይተውም። ማድያቱን ለማጥፋት ብለው ቆዳ የሚያቀላ ክሬም የሚቀቡ እኅቶች ደግሞ ያንኑ ጃንጥላ በገንዘባቸው እያጠፉ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ጥቁር ነኝ ብሎ መተማመን አይገባም።

ካንሰሩስ? በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ሜላኖማ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያየው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር ነው የሚመጣው፤ ፀሐይም አይደለም የሚያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሻሸመኔን የጎበኘው፣ 60ኛ ልደቱ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሊ በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በተነሣ ሜላኖማ ነው። የቁስል ታሪክ ሳይኖር ጥፍር ሥር የታየ ጥቁር መስመር ወይም የውስጥ እግር ላይ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ካለ ሐኪም ይየው። ክሬም ይህንን አይከላከልም፤ ማየት ብቻ ነው የሚያድነው።

ለሌላው ሁሉ መጀመሪያ የሚታሰበው ጨርቅ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ማጅራትን የሚሸፍን ነጠላ። ክሬም የሚመጣው ጨርቅ በማይደርስበት ቦታ ነው። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ፍራንስ ግራይተር እ.ኤ.አ. በ1938 ፒትስ ቡይን የተባለ ተራራ ሲወጣ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር፤ ያ መቃጠል የራሱን ክሬም ወደ መሥራት አደረሰው፤ ክሬሙም በ1946 ወጣ። ዛሬ ኤስፒኤፍ 30 የሆነው ከአቃጣዩ ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የሆነው 98 በመቶ ያህሉን ይከለክላል። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ያ ቁጥር የተለካው ክሬሙ በደንብ ተቀብቶ ነው፤ ለአንድ ሙሉ ሰው ገላ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል። ሰው የሚቀባው ግን ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋና ሲወጡ ደግሞ ወዲያው መድገም ያስፈልጋል።

ባለፈው ግንቦት ለባልደረባዬ ያለፈውን ዓመት ክሬሟን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ባለ 200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። ገልብጠን ከኋላው ያለችውን ክዳኗ የተነሣ ትንሽ የማሰሮ ምልክት አየን፤ ውስጧ 12 ይላል፤ ከተከፈተ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ጠርሙሱን በብርሃን ላይ ስናየው ግማሹ አለ።

"ስንት ቀን ቆየሽ?" አልኳት።

"ሁለት ሳምንት።"

"በየቀኑ ትቀቢ ነበር?"

"በየቀኑ! አንድም ቀን አልዘለልኩም።"

ከቤት ያመጣሁትን ሲኒ ከቦርሳዬ አወጣሁና እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቼ ጠርሙሱ አጠገብ አስቀመጥኩላት። "ይሄ ለአንድ ጊዜ ነው" አልኳት። ሲኒውን አነሣች፣ ውሃውን በመዳፏ ላይ አፈሰሰችው፤ በጣቶቿ መሐል ሞልቶ ፈሰሰ።